በቅሎዋን ትተን ኮርቻዋን ስንገዛ

ጊታር ልትገዙ አስባችኋል? እንግዲያውስ ይህችን ጽሑፍ ሳታነቡ ብሩን ከኪሳችሁ እንዳታወጡ። አዋቂ ነኝ ለማለት አይደለም። እንዲያውም የምጽፈው ባለማወቄ የአራት ሰው መዋጮ ያባከንኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛ ዓመት እያለን የዶርማችን አራት ልጆች ከኪስ ገንዘባችን በየወሩ እየቀነስን ለጊታር መግዣ አጠራቀምን። ሐሳቡን ያመጣችው ከሁላችንም ይልቅ ሙዚቃ የምትወደው ጓደኛችን ነበረች። “ዕቃ መምረጥ ታውቃለች” የተባልኩት ግን እኔ ነኝና ምርጫው ለኔ ተሰጠ። ሱቁ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጎኑ ላይ ቁልፎችና አረንጓዴ መብራት ያለው ኤሌክትሮ አኮስቲክ ላይ ነው። ከአጠገቡ በዚያው ዋጋ የተሰቀለው ደግሞ መብራት የሌለው፣ እንጨቱ እንደ እንጨት የሚታይ ተራ ጊታር ነበር። “ይሄማ የድሮ ነው” ብዬ አለፍኩት። ባለሱቁ ጥቁሩን ድምፅ ማጉያ ላይ ሰክቶ አንዴ ሲመታው ቤቱ ተናወጠ። በቃ፣ ገዛን!

ዶርም ስንደርስ ግን ድምፅ ማጉያ የለንም። ያ ሁሉ ነጎድጓድ የት እንደገባ እንጃ፣ ጊታሩ ካርቶን እንደመደብደብ ያለ ድምፅ ይሰጠን ጀመር። ክሮቹ ደግሞ ከአንገቱ በጣም ከፍ ስላሉ ለመጫን የጉልበት ሥራ ነው። ጓደኛችን ጣቷ እስኪቆስል ሁለት ወር ታገለች። አንድ ማታ ጊታሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋችና “ለካ እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም” አለችኝ።

ብዕር ያስነሳችኝ ይህቺ ንግግር ናት። መጥፎ ዕቃ ገንዘብ ብቻ ቢበላ ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን የጀማሪን ተስፋም ይበላል። ጥፋቱ የዕቃው ሆኖ ሳለ ሰው ራሱን ይወቅሳል።

እስቲ ኤሌክትሮ አኮስቲክ ምን እንደሆነ እንይ። ከመሠረቱ ተራ አኮስቲክ ጊታር ነው። ልዩነቱ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት መሰል ነገር፣ ሳድል ከሚባለው ሥር፣ ፒክአፕ መቀበሩ ነው። ፒክአፑ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ጎኑ ላይ ያለው ፕሪአምፕ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ9 ቮልት ባትሪ እየሠራ፣ አጎልቶ በኬብል ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል። ይህ የተፈለገው ለመድረክ ነው። አኮስቲክ ጊታር ከድራምና ከባስ ጋር ሲሰለፍ አይሰማም፤ ማይክሮፎን ቢያቆሙለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያፏጫል። በ1966 እ.ኤ.አ. ኦቬሽን የተባለውን የጊታር ፋብሪካ ያቋቋመው አሜሪካዊው ቻርለስ ካማን ሄሊኮፕተር ሠሪ ነበር። ከሳድል ሥር የሚቀበረውን ፒክአፕ መድረክ ላይ ካስለመዱት ቀዳሚዎች መካከልም የእሱ ጊታሮች ይገኛሉ።

ታዲያ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ በመካከለኛ ዋጋ ሁሉንም ማግኘት አለመቻሉ ነው። ለቁልፍና ለመብራት የወጣው ገንዘብ ከእንጨቱና ከአሠራሩ ላይ ሊቀነስ ይችላል። የጊታር ድምፅ ዋና ምንጭ ደግሞ የፊት ገጹ ነው። ጥሩ የሚባለው ገጽ ስፕሩስ ወይም ሴዳር ከሚባል እንጨት የተሰነጠቀ አንድ ወጥ ስስ ጣውላ ሲሆን ሌላው ተደራርቦ የተጣበቀ፣ በኛ ቋንቋ ኮምፔንሳቶ ነው። ወጥ እንጨት በነፃነት ይንቀጠቀጣል። ኮምፔንሳቶ ጠንካራ ቢሆንም ድምፁ ብዙ ጊዜ የታፈነ ነው።

ሁለቱን ያስታረቁ ጊታሮች የሉም ማለቴ ግን አይደለም። የያማሃ ኤፍጂኤክስ 800ሲ እና የፌንደር ሲዲ-60ኤስሲኢ ገጻቸው ወጥ ስፕሩስ፣ ጎንና ጀርባቸው ተደራራቢ እንጨት ሆኖ ፒክአፕም አላቸው። ያው ያማሃ የሚሠራው ኤፒኤክስ 600 ደግሞ ገጹ ተደራራቢ፣ አካሉም ቀጭን ነው፤ የታሰበው ለመድረክ ነዋ። የሚያሳዝነው፣ “መካከለኛ” የሚባለው ዋጋ ለኛ መካከለኛ አለመሆኑ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ጊታሩ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዴ ከተሳሳትን ሌላ ለመግዛት ዓመታት ሊፈጅብን ይችላል።

እንደኔ እንደኔ፣ ጊታር መመረጥ ያለበት አብረነው በምናሳልፈው ሰዓት ልክ ነው። አንድ ተማሪ በዓመት ስንት ጊዜ መድረክ ይወጣል? ምናልባት ሁለቴ፣ ሦስቴ። የቀረውን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለ ኬብል ነው የሚጫወተው። ፒክአፕ ደግሞ ገንዘብ ሲገኝ ሊገጠም ይችላል። የፊት ገጹን ግን በኋላ ልቀይር ቢሉ አዲስ ጊታር ከመግዛት አይሻልም። ትምህርታችንም ይህንኑ ያስታውሰኛል፤ መቅረጫው ምርጥ ስለሆነ ብቻ የሚናገረው የሌለው እንግዳ ጥሩ ቃለ ምልልስ አይሰጥም።

“በየሳምንቱ መዝሙር የማጅብ ሰውስ?” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በየሳምንቱ ድምፅ ማጉያ ላይ ለሚሰካ ሰው ቀጭኑና ቁልፋሙ ጊታር ይሻለዋል፤ በኬብል ሲያልፍ በእንጨት መካከል ያለው ልዩነት ይጠባልና። ወጥ እንጨትም የራሱ ጣጣ አለው። ድርቀት ሊሰነጥቀው ስለሚችል ሠሪዎች የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመክራሉ። በበጋ ወራት ሳጥኑ ውስጥ ዘግቶ እርጥብ ስፖንጅ በቀዳዳ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሱቅ ስትገቡ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ “አይሰካ!” በሉ። ያለ ኬብል አጫውቱና ስሙት። የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልካችሁ መብራት እዩ፤ የገጹ መስመሮች ጠርዙ ላይም ከቀጠሉ ወጥ ነው፣ ንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክር ሥር የኤቲኤም ካርድ ደርቡ፤ ሦስት ያህል ልክ ከገባ ጥሩ ነው፣ አምስት ከገባ ሽሹ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ መጣመሙን ተመልከቱ። ክሩን ባዶውንና 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ፤ ሁለቱም አንድ ድምፅ፣ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ሆነው ካልተስማሙ ጊታሩ ቢቃኝም ይሰክራል። ኬብሉ የሚሰካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ ስድስቱም ክሮች እኩል መሰማታቸውን፣ መሰኪያው ሲነካ አለመንኮሻኮሹን እዩ። መጫወት ካልቻላችሁ የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እኛ ደግሞ አፍሰን ሳንለቅም ቀረን።

ጓደኛችንስ? ባለፈው ሴሚስተር ከአንድ ተማሪ አሮጌ አኮስቲክ ጊታር ተዋሰች። መልኩ የተላላጠ ነው፣ መሰኪያ የለውም፤ ክሮቹ ግን ዝቅ ያሉ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት የትዝታን ቅኝት ጣቷ ሳይቆስል ስትጫወት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማኋት። “አልተፈጠርኩም” ያለችው ልጅ ናት እንግዲህ! ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ያ ጥቁር ጊታራችን አሁንም ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሳድሉን የሚሞርድልን ባለሙያ ለመጥራት እንደገና መዋጮ ጀምረናል፤ ዘንድሮ የኔ ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል።

እናም ወገኖቼ፣ ጊታር ከመግዛታችን በፊት ልብ እንግዛ!