«አጥፋው» የሚለው ምክር ለማን ነው?

ተጫዋቹ በእግር ኳስ ጌም ውስጥ ከመሀል ሜዳ ረጅም ኳስ ይልካል። ካሜራው ኳሷን ተከትሎ በፍጥነት ይዞራል። በዚያች ቅጽበት የግቡ ቋሚ ወገቡ ላይ ተቆርጦ ይታያል፤ የላይኛው ግማሽ አንድ ቦታ፣ የታችኛው ሌላ ቦታ። ዓይን ሳይጨፈን ደግሞ ይስተካከላል። ላፕቶፑ የተበላሸ የመሰለው ልጅ ዩቲዩብ ይከፍትና መፍትሔ ይፈልጋል። እዚያ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «ቪሲንክን አጥፋው» የሚል ነው። ቋሚው እንዳይቆረጥ ተብሎ የተሠራውን ነገር አጥፋ መባሉ ነው።

ስክሪንና ግራፊክስ ካርድ በአንድ ሰዓት የሚመሩ አይደሉም። ባለ 60 ሄርዝ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያድሳል። ካርዱ ግን የሚሥለው እንደ ትዕይንቱ ክብደት ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 150 ፍሬም (ሙሉ ምስል) ያወጣ ካርድ፣ ጭስና ፍንዳታ ሲበዛበት ወደ 45 ሊወርድ ይችላል። ስክሪኑ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከመጣ፣ የቀረውን ግማሽ የሚሞላው ከአዲሱ ነው። የግቡን ቋሚ የቆረጠው ይኸው ነው። ቪሲንክ ካርዱን «ስክሪኑ እስኪጨርስ ጠብቅ» ይለዋል፤ ሌላ ተአምር የለውም።

«ቪ»ው ቨርቲካል ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ታሪኩም ጀርባው ትልቅ ከነበረው የድሮ ቴሌቪዥን ይጀምራል። የዚያ ቴሌቪዥን ጨረር ታች ከደረሰ በኋላ ወደ ላይ ለመመለስ ጥቂት ጊዜ ይወስድበት ነበር። በአውሮፓውያኑ 1977 የወጣው አታሪ 2600 የነበረው ሜሞሪ 128 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ሙሉ ሥዕል እንኳ አያስቀምጥም። ስለዚህ ፕሮግራመሮቹ የጌሙን ሒሳብ በአብዛኛው የሚሠሩት ጨረሩ ወደ ላይ በሚመለስባት ክፍተት ነበር። ያኔ ከስክሪኑ ጋር እኩል መራመድ ግዴታ እንጂ ምርጫ አልነበረም።

«አጥፋው» ባዮቹ ያለ ምክንያት አልተነሡም። መጠበቅ ጊዜ ይበላል። ተዘጋጅቶ ተራውን የሚጠብቅ እያንዳንዱ ፍሬም በማውሱ ንቅናቄና በስክሪኑ መልስ መካከል መዘግየት ይጨምራል፤ በ60 ሄርዝ ሁለት ፍሬም ማለት 33 ሚሊሰከንድ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በተባለው የተኩስ ጌም ላይ ጥግ ይዞ ባላጋራውን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ጣጣ ይብሳል። በሰዓቱ የሚነሣ ባቡርን ማሰብ ነው፤ ለጥቂት ያመለጠው መንገደኛ ቀጣዩን ሙሉ ጊዜ ይጠብቃል። ካርዱ እያንዳንዱን ፍሬም በ16.7 ፈንታ በ18 ሚሊሰከንድ ከሠራ፣ በተለመደው ባለ ሁለት ቋት (የፍሬም ማቆያ) አሠራር ፍጥነቱ ከ60 ወደ 55 አይወርድም፤ በአንዴ 30 ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ ቋት የሚጨምረው «ትሪፕል በፈሪንግ» የሚባለው አማራጭ የመጣው ይህን ለማለዘብ ነው።

ነገር ግን ምክሩን የሚሰጡት በአብዛኛው ባለ 240 ሄርዝ ሞኒተር ፊት የሚቀመጡ የውድድር ተጫዋቾች ናቸው። እነሱ ዘንድ የተቆረጠ ምስል የሚቆየው 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይን ሳይዘው ያልፋል። ባለ 60 ሄርዝ ላፕቶፕ ይዞ ባለ ታሪክ ጌም የሚጫወት ሰው ግን ቁርጡን በደንብ ያየዋል፤ መዘግየቱን ደግሞ ብዙም አይሰማውም። የሌላ ሰው ጫማ ልኩ አይሆንም።

ልጓም የሌለው ፍጥነት ሌላም ዕዳ አለው። በ2010 ስታርክራፍት 2 የተባለው ጌም ሲወጣ ምንም በማይንቀሳቀስበት ሜኑ ላይ ካርዱ በሙሉ አቅሙ እየሣለ ይግል ነበር፤ የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ ራሱ ተጫዋቾቹ ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ የፍሬም ጣሪያ እንዲያስገቡ መክሯል። በ2021 የአማዞን ጌም ኒው ወርልድ ለሙከራ ሲከፈት አንዳንድ ውድ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች ጭራሹን ሞቱ። ከካርዶቹ ብዙዎቹን የሠራው ኢቪጂኤ በኋላ ጥፋቱን የብየዳ ጉድለት ላይ አሳበበ፤ አማዞን ደግሞ ለሜኑው ጣሪያ አበጀለት። የ2011ዱ ስካይሪም እንዲያውም ፊዚክሱ ከፍሬም ፍጥነት ጋር የተሳሰረ ነው። ከ60 አብዝቶ ያለፈ ሰው መክፈቻው ላይ ያለው የእስረኞች ጋሪ እየዘለለ ሲገለባበጥ ሊያይ ይችላል። ያስቃል፤ ጌሙን ግን አያስጀምርም።

ገንዘብ ላለው ክርክሩ ካበቃ ቆይቷል። ግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2013 ጂ-ሲንክን ሲያስተዋውቅ፣ የኤኤምዲ ፍሪሲንክም ሲከተል፣ ጌታና ሎሌ ቦታ ተለዋወጡ፤ ካርዱ ስክሪኑን መጠበቁ ቀርቶ ስክሪኑ ካርዱን ይጠብቅ ጀመር። ፕሌይስቴሽን 5 ይህን ችሎታ ያገኘው በ2022 ነው፤ ያውም ቴሌቪዥኑ የሚችል ከሆነ።

ያ ስክሪን ለሌለው ፍርዱ እንዲህ ነው። ጌሙ ባለ ታሪክ ከሆነና ካርዱ 60ን ያለ ጭንቀት ከያዘ፣ ቪሲንክ ይብራ። ካርዱ 60 የማይደርስ ከሆነ፣ ቪሲንክን ከማጥፋት በፊት ጥላውንና የምስል ጥራቱን ቀነስ ማድረግ ይቀድማል። ፉክክር ያለበት የተኩስ ጌም ከሆነ ይጥፋ፤ በምትኩ ካርዱ እንዳይግል የፍሬም ጣሪያ ይደረግለት። የስክሪኑን ሄርዝ የማያውቅ አንባቢ ዊንዶውስ ላይ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» የሚለውን ሲከፍት ቁጥሩን ያገኘዋል። ባለ 144 ተብሎ የተገዛ ሞኒተር እዚያ ላይ በ60 ተቀምጦ ቢገኝ አይደነቅ፤ ማስተካከያውም እዚያው ገጽ ላይ ነው።