ጤናችን፦ ከጀልባ ከወረድን በኋላ መሬቱ ለምን ይወዛወዛል?

ዛሬ በጤና ዓምዳችን ስለ አንድ እንግዳ ሕመም እናነባለን። ቀስ ብለን እናንብብ። ያልገባን ካለ ደግመን እናንብብ።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማዕበል ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። ሰውየው ከወረደ በኋላም የረገጠው መሬት የሚወዛወዝ ይመስለዋል። ማታ ሲተኛ መደቡ ከፍ ዝቅ ይልበታል። ይህ በሽታ አይደለም። በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ይለቃል።

አንዳንዱን ሰው ግን አይለቀውም። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፤ መሬቱ አሁንም ይወዛወዛል። ዓመታት የሚቆይበትም አለ። ሐኪሞች ይህን ሕመም በፈረንሳይኛ «ማል ደ ደባርክማ» ይሉታል። ከመርከብ የመውረድ ሕመም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በመርከብ ለቀናት በባሕር ላይ የቆየውን ሰው ነው። ከአጭር የሐይቅ ጉዞ በኋላ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ከረጅም የመኪና ወይም የአውሮፕላን ጉዞ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል።

ለምን ይመጣል?

ዓይናችን፣ የውስጥ ጆሮአችንና እግራችን ለአንጎላችን ወሬ ያቀብላሉ። አንጎላችን ወሬውን ሰብስቦ ሚዛናችንን ይጠብቃል። ጀልባ ላይ ስንቆይ አንጎላችን የውሃውን መወዛወዝ ይለምዳል። ስንወርድ ልማዱን መተው አለበት። የታመመው ሰው አንጎል ግን ልማዱን አልተወም። እንስራ ተሸክማ የመጣች ሴት እንስራውን ካወረደች በኋላም ለጥቂት ጊዜ ጀርባዋ ላይ ያለ ይመስላታል። ይህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመልቀቁ ነው።

ስለዚህ ሰውየውን ቡዳ አልበላውም። ዛርም አልያዘውም። ስንፍናም አይደለም።

እንዴት እንለየዋለን?

ሕመሙ የሚጀምረው ጉዞው ባበቃ በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ሰውየው ይወዛወዛል እንጂ ዙሪያው አይሽከረከርበትም። አንድ የሚገርም ምልክት አለው። መኪና ላይ ሲሳፈር ይሻለዋል፤ ሲወርድ ይመለስበታል።

ሌላ ሕመም ግን ሊሆን ይችላል። ጆሮው መስማት ካቆመ፣ አንድ ወገን እጅና እግሩ ከዛለ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው ጊዜ አንስጥ። በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መወዛወዙ ከሁለት ቀን ካለፈ ለጤና ባለሙያ እንንገር። «ከጀልባ ከወረድኩ ወዲህ ነው» ማለትን አንርሳ። ይህች አንዲት ቃል ለሐኪሙ ትልቅ መንገድ ታሳያለች።

ሁለተኛ፣ በደንብ እንተኛ። ድካምና ጭንቀት ሕመሙን ያብሱታል።

ሦስተኛ፣ መወዛወዙ እስኪለቅ ዛፍና ጣራ ላይ አንውጣ። በጨለማ ስንሄድ ዱላ እንያዝ። ግን ተኝተን አንዋል፤ በቀን መራመድ ጥሩ ነው።

አራተኛ፣ እንደገና ጀልባ ከመሳፈራችን በፊት ሐኪም እናማክር።

በጉዞ ላይ ማቅለሽለሽን የሚከላከለው ክኒን ለዚህ ሕመም ብዙም አይረዳም። ተስፋ ግን አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ከተማ ሐኪሞች አዲስ ሕክምና ሞከሩ። በሽተኛው የሚንቀሳቀሱ መስመሮችን እያየ፣ ሐኪሙ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብልለት ነበር። ከ24 በሽተኞች 17ቱ ጨርሶ ወይም በብዙ ተሻላቸው። ሕክምናው በየቦታው አይገኝም። ቢሆንም ሕመሙ እውነት መሆኑን፣ አንጎልም ልማዱን መተው እንደሚችል ያሳየናል።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለን። ይህ ሰው ቁስል የለውም። ራሱ በመሣሪያ ቢታይም ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ ብዙዎች «ደህና ነሽ እኮ፣ አታስመስዪ» ይላሉ። ይህ ንግግር ከሕመሙ ይልቅ ይጎዳል። እንመናት። ውሃ መቅዳቱንና እንጨት መልቀሙን እንካፈላት። የሚታመን ሕመምተኛ ብቻውን አይደለም።

እንወያይ፦
1. መኪና ላይ ሲሳፈር የሚሻለው ለምንድን ነው?
2. በሰፈራችን እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ምን እንለዋለን?