ስድስት መቶ ሲሲ ለዋልካ ምኑ ነው?

ሰሞኑን ሐምዳይት ላይ ሻይ በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ አሮጌ ትልልቅ ሞተር። ባለ 600 እና ባለ 650 ሲሲ የጃፓን ሞተሮች በከሰላ በኩል መጥተው ለሽያጭ ቀርበዋል ተብሎ፣ ከመካከላችን ያሉ ልጆች የዕቁብ ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው ክረምቱ ሳይገባ ሊገዙ ተነሥተዋል። የአንዳንዱ ድርሻ የሁለት ዓመት የሰሊጥ ትርፍ ነው። እኛ አይገዛ ባዮች ነን። በየሻይ ቤቱ ስንመልስ ከምንውል ምክንያታችንን እዚህ ጽፈነዋል፤ የሚቃወመን ደግሞ ጽፎ ይቃወመን።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከስም ነው። «ቴኔሬ እኮ ነው!» ይሉናል። አዎ፣ ነው። ያማሃ ኤክስቲ 600 ቴኔሬ በ1983 ሲወጣ (የሞተሮቹን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፣ ሻጮቹም የሚጠሩት በዚያው ስለሆነ) ስሙን የወሰደው ኒጀር ውስጥ ካለ በረሃ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኤክስቲ 500 በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር አሸነፈ፤ በ1980ም ደገመው፤ ነጂው ሲሪል ኔቮ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ ቢኤምደብልዩ በ1981 እና በ1983 በሁበርት ኦሪዮል፣ በ1984 እና በ1985 በጋስቶን ራሂየር አሸነፈና አር 80 ጂኤስ የሚሉት ሞተሩ ስሙ ገነነ። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያ ሁሉ ስም የተገኘው በሰሃራ አሸዋ ላይ ነው። አሸዋ ደረቅ ነው፤ ጉልበት ያለው ሞተር ፍጥነቱን ከጠበቀ ከላዩ ይንሳፈፍበታል። ተወዳዳሪው የሚሸከመው ራሱን ነው፣ ማታ ሲደርስ መካኒክ ይጠብቀዋል። የኛ ሰው ከኋላው ግማሽ ኩንታል ቡና፣ ሲመለስ ሳሙናና ሻይ ቅጠል ጭኖ ነው የሚሄደው። ማታ የሚጠብቀው ባለ ዕዳ ነው።

መንገዳችንን ደግሞ ለማያውቅ እንንገር። ከሐምዳይት በወድ አል ሕለው አድርጎ እስከ ሸዋክ አስፋልት ድረስ ያለው መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ የከረመ ጥቁር ዋልካ ይበዛዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሱዳኖቹ ኸሪፍ በሚሉት ወቅት፣ ያው መሬት ሊጥ ይሆናል። ጭቃው ጎማውን ይለብሳል፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል፣ ካቴናውን ይሞላል፣ በመጨረሻ ጎማው መዞር ያቆማል። ያን ጊዜ የሞተር ጉልበት ምንም አያደርግላችሁም። ጉልበት የሚጠቅመው ጎማ መሬት ሲቆነጥጥ ነው፤ እዚህ የሚቆነጠጥ የለም። ትወርዳላችሁ፣ በእንጨት ትፍቃላችሁ፣ ጭነቱን ታወርዳላችሁ፣ ሞተሩን በጎኑ አስተኝታችሁ ትጎትታላችሁ፣ ከዚያ ታነሣላችሁ። በአንድ ቀን ደጋግማችሁ። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሞተር የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሲሲ ነው?» አይደለም፤ «አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል ወይ?» ነው።

ሱዙኪ ዲአር 650 ቤንዚንና ዘይት ተሞልቶ 166 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትንሹ ቦክሰር (ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ ማለታችን አይደለም) ወደ 110 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ኩንታል በላይ ነው። ይህ ማለት ባለ 650ውን የገዛ ነጋዴ ከግማሽ ኩንታል በላይ ብረት ያለ ኪራይ ሲያመላልስ ይኖራል።

አሁን ወደ ሞተሮቹ እንግባ፤ ሻጮቹ ሁሉንም «ትልቅ ጃፓን» ብለው በአንድ ዋጋ ሊሸጡላችሁ ነው፣ አንድ ግን አይደሉም።

ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 በ1987 የወጣ ነው። ሰርባትዮው 23 ሊትር ይይዛል፤ ቤንዚን በጠፋበት አገር ይህን አናቃልልም። በውሃ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ቬንትሌተርም ስላለው፣ በሙቀት ቀስ ብሎ ሲሄድ አይቃጠልም፤ ይህንንም እንመሰክርለታለን። ነገር ግን በጎኑ የሚተኛ ሞተር ላይ ራዲያተር ማለት ክፍት ቁስል ነው። ሞተሩ ውስጥ ደግሞ የሚዛን ካቴናውን የሚወጥር ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ እሷ ስትሰበር ስባሪዋ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። በዓለም ዙሪያ ኬኤልአር የሚነዱ ሁሉ የሚያውቁት ሕመም ነው፣ የሚጠነቀቁትም ሳትሰበር አስቀድመው በጠንካራ ይቀይሯታል። ሻጩን ስለዚያች ምላስ ጠይቁት። ምን እንደሆነች ካላወቀ አልተቀየረችም ማለት ነው። የኋላ ሻሲውን የሚያስሩት የላይኛው ብሎኖችም ጭነት ሲበዛ የሚቆረጡ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ጭነት ሳይበዛ የሄድንበት ቀን የለም።

ሆንዳ ኤክስአር 600 ለወጣቶቹ ልብ ሰባሪ ነው። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከ1985 እስከ 2000 ተሠርቷል። ባትሪ የሚባል ስለሌለው የሚበላሽ ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው። ግን ሰርባትዮው 10 ሊትር ነው፤ ወንበሩ ከመሬት ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ የሚነሣውም በእግር በመምታት ብቻ ነው። አንድ ሲሊንደር 600 ሲሲ በእግር መትቶ ማስነሣት ቴክኒኩን ለሚያውቅ፣ ለጤነኛና ጫማ ላደረገ ሰው ይቻላል። በኛ አካባቢ ወባና ካላዛር ምን ያህል ሰው እንደሚጥሉ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ሞተር ዕቃ ብቻ አይደለም የሚጭነው። ኸሪፍ ሲገባና መኪና ሲቆም የታመመ ሰው ወደ ሐኪም የሚደርሰው በሞተር ነው። ትኩሳት የያዘው ነጂ፣ ከኋላው ሌላ በሽተኛ ጭኖ፣ ጭቃ ውስጥ ጠፍቶበት የቆመ 600 እንዴት ነው የሚያስነሣው? ይህን ስንጠይቅ ሳቅ ብለው ወሬ የሚያዞሩ አሉ። ይመልሱልን።

ቴኔሬው የመጀመሪያው ወደ 30 ሊትር የሚይዝ ሰርባትዮ ነበረው፣ አየር የሚያቀዘቅዘው ነው፣ ቫልቩ በብሎንና በዳዶ ይስተካከላል፣ ማንኛውም መንደር ያለ መካኒክ ይረዳዋል። ከሁሉም ለዓይናችን የሚያምረው እሱ ነው፣ እንዋሽም። ነገር ግን ትንሹ እንኳ የ30 ዓመት ሽማግሌ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ካርቦሬተሮች አሉት፤ አንደኛው በስስ ጎማ ሽፋን የሚሠራ ነው፤ ያ ጎማ በዚህ ሙቀት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አምስተኛ ማርሹም በመበላት የታወቀ ነው። ማርሽ ለመቀየር ሞተር ወርዶ ለሁለት ይከፈላል። የት? በማን እጅ?

የቀረው ዲአር 650 ነው፣ ከ1996 ወዲህ ያለው። ግዴታ ከሆነብን ከነዚህ ሁሉ የምንመርጠው እሱን ነው። አየርና ዘይት ያቀዘቅዙታል፣ ካርቦሬተሩ አንድ ነው፣ ቫልቩ በብሎንና በዳዶ ነው፣ ወንበሩ ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። የራሱ ነውር አለበት፦ የፎሌ ማሳያዋን የያዙ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይላሉና ሞተሩ ውስጥ ይወድቃሉ። የሚገዛ ሰው ፍሪሲዮኑን አስከፍቶ ያጥብቃቸው። ሰርባትዮው 13 ሊትር ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን በእግር ማስነሻ የለውም፤ ሞተሪኖና ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው የሞተ ቀን ያን 166 ኪሎ ዋልካ ላይ እየገፋችሁ አስነሡት ማለት ነው። ጭቃ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማው ሳይዞር ይንሸራተታል እንጂ ሞተር አያዞርም።

ስለ ቢኤምደብልዩው ብዙ አንልም። ግራና ቀኝ ወጣ ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት 186 ኪሎ ሞተር በትራክተር ቦይ ውስጥ ሲሄድ ማየት የፈለገ ይግዛው፤ እኛም መጥተን እናያለን።

መለዋወጫ ላይ እንምጣ፣ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነውና። ድሮ የጠፋ ዕቃ ኻርቱም ይገኛል ይባል ነበር። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኻርቱም ምን እንደሆነች ከኛ ይልቅ ከዚያ ተፈናቅለው ገዳሪፍ የገቡት የሱዳን ወንድሞቻችን ይነግሯችኋል። ዛሬ የአሮጌ 650 ፒስተንና ፋሻ የሚፈልግ ሰው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው የሚያስመጣው። እስኪመጣ ሞተሩ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል፣ ዕቁቡ ግን በየሳምንቱ ይጠየቃል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የትንሹ ሞተር ካቦ፣ ካንዴላ፣ ዲስኮ፣ ካላማዳሪያ ግን ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል።

ቤንዚኑም አለ። ባለ 600 በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 5 ሊትር ይጠጣል፤ ትንሹ ከ2 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ቤንዚን በጠርሙስ በሚገዛበት ወር ይህ ልዩነት የጭነቱን ትርፍ ሲበላው ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

«ትልቁ ግን ሁለት ኩንታል ይጭናል» የሚል መልስ እንሰማለን። ትልቁ ሞተር ሁለት ኩንታል ይጎትት ይሆናል፤ የሚሸከመው ግን ሞተሩ ሳይሆን ሻሲውና አሞርዛተሩ ናቸው። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት አንድ ሰው ጭኖ ጉድጓድ ለመዝለል ነው። ረጅምና ለስላሳ አሞርዛተራቸው ጭነት ሲበዛበት ከኋላ ይቀመጣል፣ ከፊት ይነሣል፣ መሪው ይቀላል። ቀለል ያለ መሪ ዋልካ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመናገር ቃል አናባክንም።

ትልቁ በጭራሽ አይጠቅምም አላልንም። በበጋ፣ ከሸዋክ ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ከሰላ በአስፋልት ለሚመላለስ፣ ጭነቱ ወረቀትና ገንዘብ ብቻ ለሆነ ደላላ፣ ዲአር 650 መልካም ነው፤ ነፋሱን ይችላል፣ ከጭነት መኪና ጎን ሲያልፍ አያስፈራም። ቁጥራቸው ግን ከኛ መካከል ስንት ነው?

ለኛ ሥራ የተሠራ ሞተር ከተጠየቅን እንጠራለን። ያማሃ ኤጂ 200 የተባለው የገበሬ ሞተር ነው፤ 196 ሲሲ፣ ከፊትም ከኋላም የጭነት ብረት ያለው፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን የታሸገ። ሽፋኑን ልብ በሉ፦ ጭቃና አሸዋ ካቴና ውስጥ ካልገባ ካቴናና ጥርሱ ይበረክታሉ። በሞተሪኖም በእግርም ይነሣል። የእርዳታ ድርጅቶች ለገጠር ሠራተኞቻቸው ኤጂና ዲቲ 125 ይገዙ የነበረው ገንዘብ አጥሯቸው አልነበረም። ኤጂ ካልተገኘ ቦክሰሩ ይበቃል፤ በአንድ አሮጌ 650 ዋጋ ሻጩ ከጠራው ሁለት ቦክሰር ይገዛል። አንዱ ጭቃ ሲውጠው ሌላው ይጎትተዋል፣ አንዱ ነጂ ሲታመም ሌላው ይሠራል። ያንድ ሰው ፉከራ ይቀራል፣ ሌላ የሚቀር የለም።

የወረቀቱን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ሊብሬ የሌለው፣ የሻሲ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። በሁለት አገር ኬላ መካከል የሚኖር ነጋዴ ወረቀት በሌለው ሞተር ሲያዝ ሞተሩ ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ ጭነቱም አብሮ ይቀራል። «ኢትዮጵያ በኩል ታርጋ እናወጣለታለን» የሚለውን ተስፋም አትመኑ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አይገቡም ካለ በኋላ፣ ለ30 ዓመት አሮጌ የቤንዚን ሞተር ቢሮ ቢሮ የሚሮጥላችሁ ማን እንደሆነ በስሙ ይነገረን።

ልጆቹ ይህን ሁሉ ሰምተው እንገዛለን ካሉ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ሻጩ ሞተሩን ወንዝ ዳር ወዳለው ዋልካ ያምጣው። ሃምሳ ኪሎ ይጫንበት። በጎኑ ይተኛ። ከዚያ ሊነዳው ያሰበው ልጅ፣ ሌላ ሰው ሳይነካው፣ ያንሣውና ያስነሣው፤ ሦስት ጊዜ። ሻጩ ሞተሩ እንዳይቆሽሽ ብሎ እንቢ ካለ ብሩ ዕቁብ ሰብሳቢው ዘንድ ይቆይ።