ገበሬው «ይጥፋ»፣ አዳኙ «ይክረም»

በቴክሳስ በቆሎ በተዘራ ማግስት ማሳው ላይ የሚታየው ጉዳት ለማያውቅ ሰው የማሽን ሥራ ይመስለዋል። የዱር አሳማዎቹ ሌሊት መጥተው ዘሩ የወረደበትን ትልም ይይዛሉ፤ አፍንጫቸውን አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ከመስመሩ ሳይወጡ ከዳር እስከ ዳር ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። አንዱን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። ገበሬው ሲነጋ የሚያገኘው የተገለባበጠ አፈር ብቻ ነው። ዘርና ነዳጅ እንደገና ገዝቶ ይዘራል፤ ወቅቱ ግን እሱን ብሎ አይቆምም።

ማሳ ዳር ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ከርከሮ ሲጠብቅ ያደረ ኢትዮጵያዊ የዚህ ሰው ብስጭት ወዲያው ይገባዋል። ልዩነት ግን አለ። ከርከሮ የአገሩ አውሬ ነው። ሥጋውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውምና፣ ጦርና ውሻ ይዞ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ የተበላበት ገበሬ ራሱ ነው። የገደለውን ለጅብ ትቶ ወደ ማሳው ይመለሳል። አዳኙም ገበሬውም እሱው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አዳኙ ሌላ፣ ገበሬው ሌላ ነው፤ የነገሩ ቋጠሮም ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሳማ ለአሜሪካ ምድር እንግዳ ነው። ስፔናዊው ሄርናንዶ ደ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳ ሲያርፍ ለሠራዊቱ ስንቅ አሳማዎች ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ከበረት ያመለጡትና በየጫካው የተለቀቁት ዱር ለመዱ። በ1912 ደግሞ ለአደን ተብለው ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ የገቡ የአውሮፓ የዱር አሳማዎች አጥራቸውን ጥሰው ወጡና ከእነዚሁ ጋር ተዳቀሉ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡት ቴክሳስ ውስጥ ናቸው። በግብርና ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም በዓመት ቢሊዮኖች ዶላር ነው።

አዳኙ ይህንኑ እንስሳ በሌላ ዓይን ያየዋል። አሳማው ብልህ ነው፤ ሽታ ከሩቅ ይለያል፤ ሲቆስል በክራንቻው ይመጣል። በጨለማ ተከታትሎ የጣለው ሰው ኩራት ይሰማዋል፤ ሥጋውም ለቤተሰቡ ቀለብ ነው። ቴክሳስ በ2011 ባወጣችው ሕግ ከሄሊኮፕተር ላይ ለመተኮስ ሺዎች ዶላር የሚከፍሉ አሉ። በድርቅ ዓመት ለአዳኞች መሬቱን አከራይቶ ዕዳውን የከፈለውን ባለርስት መውቀስ አይቻልም። ሆኖም አሳማው ገቢ ካመጣለት በኋላ እሱም ለሁለት ይከፈላል፤ በቆሎውን ሲያይ ይጥፋ ይላል፣ ኪራዩን ሲያስብ ይክረም።

ይክረም ማለት ምን እንደሚያስከትል ቴነሲ በራሷ ላይ አይታዋለች። በ1999 የአሳማ አደን በመላው ግዛቲቱ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ያለ ገደብ ተፈቀደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ብዙ ጠብመንጃ ከወጣ አሳማው ይቀንሳል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከዚያ በፊት ከ15 ባነሱ ካውንቲዎች ብቻ የነበረው አሳማ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ95ቱ ካውንቲዎች ወደ 80 በሚጠጉት ታየ። ያን ያህል መንገድ በእግሩ ብቻ አልሄደም። ሰዎች በየሰፈራቸው አደን እንዲኖር ብለው ከሕግ ውጭ በመኪና ጭነው ለቀቁት። ግዛቲቱ በ2011 የመዝናኛ አደኑን ዘጋች፤ ገበሬው ግን በገዛ መሬቱ ላይ መግደል ይችላል። ካንሳስ የመዝናኛ አደኑን ቀድማ በ2006 ዘግታዋለች።

ሚዙሪም በ2016 የግዛቲቱ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድራቸው መሬቶች ላይ የአሳማ አደንን ስትከለክል አዳኞች ተቆጡ። እናግዛችሁ እያልን ለምን ትከለክሉናላችሁ የሚለው ቅሬታቸው ከልብ ነበር፤ ብዙዎቹም ገበሬ ጎረቤታቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ጥይት አንድ ወይም ሁለት አሳማ ይጥልና ሌላውን መንጋ ይበትነዋል። የተበተነው ወደ ጎረቤት ማሳ ይገባል፣ ሰው መሸሽም ይማራል። እናቲቱ አራት ወር በማይሞላ እርግዝና አራት፣ አምስት፣ ስድስት ግልገል ስለምትጥል፣ ቁጥሩ ባለበት እንዲቆም ብቻ በየዓመቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው መወገድ አለበት። ቅዳሜና እሑድ የሚወጣ አዳኝ፣ ቢጎብዝም፣ ለዚህ አይደርስም። የመጨረሻዋን አሳማ መግደል ለእሱ የሚወደውን ነገር መጨረስ ነውና፣ ይህን ሥራ ለእሱ መተው ለገበሬውም ለአዳኙም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከጥይት ይልቅ ውጤት ያሳየው በብረት መረብ የታጠረ ሰፊ ክብ ወጥመድ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ለቀናት በቆሎ ይበተንበታል፤ መንጋው መግባትና መውጣት እስኪለምድ ማንም አይነካውም። በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ ምስሉን ወደ ገበሬው ስልክ ይልካል። ገበሬው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ግልገሎቹን ይቆጥራል፤ አሥራ አንድ ገብተዋል። አንዷ እናት ግን አፍንጫዋን በሩ ሥር አድርጋ ውጭ ቆማለች። አሁን በሩን ቢጥለው እሷ ታመልጣለች፤ ከእንግዲህም ወጥመድ አትቀርብም፣ በሚቀጥለው ወቅት ሌላ መንጋ ይዛ ትመጣለች። ጣቱን ከስልኩ ላይ አንሥቶ ለነገ ሌሊት ስንት ኪሎ በቆሎ እንደቀረው ያሰላል።