ፎቶው ስንት ቦታ አለ?

የቤታችን አልበም ወደ ኮምፒውተር ከተዛወረ ሰነበተ። የኒካሑ፣ የልጆቹ፣ እናታችን ለሐጅ ሲሸኙ የተነሡት ፎቶዎች ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። ብዙዎች ከ«ሲ» ወደ «ዲ» ገልብጠው «ቅጂ አለን» ይላሉ። «ሲ»ና «ዲ» ግን በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብረው ይጠፋሉ። ዲስክ ደግሞ ሁልጊዜ አስጠንቅቆ አይበላሽም።

እኛ የምንመክረው ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ አክስት ዘንድ። ሌባ ወይም እሳት ሁለቱን ቤት ባንዴ ማግኘቱ ብርቅ ነው። ተነቃዩ ዲስክ ሲገለበጥ ብቻ ይሰካ፤ ቫይረስ ተሰክቶ ያገኘውን አይምርም። በቴሌግራም የምትልኩትንም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ተቀንሶ ነው የሚደርሰው።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ጥቂቶቹን ከፍታችሁ እዩ። የፋይሉ ስም ስለታየ ብቻ ፎቶው ደኅና ነው ማለት አይቻልም። አያቶች ካሉ ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጧቸውና በየፎቶው ያለው ማን እንደሆነ እየጠየቃችሁ ስሙን በፋይሉ ላይ ጻፉ፤ ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸውና።