በድንጋይ ላይ የበቀለ ዛፍ

«ይህን ዛፍ ታውቀዋለህ?» አለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ። ቡናው ገና አልፈላም። ወዳጄ ህንድ ሀገር ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰው በቅርቡ ነው።

ፎቶው ላይ በቅስት ቅርጽ የተሠራ መስኮት አለ። በመስኮቱ ውስጥ ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ዛፍ ይታያል።

«ጥልፍ ነው?»

«ድንጋይ ነው። ጃሊ ይሉታል፤ ድንጋዩን እንደ ወንፊት እየፈለፈሉ ብርሃንና ነፋስ ያሳልፉበታል። ጉጃራት በምትባለው ግዛት፣ አህመዳባድ ከተማ፣ አንድ መስጊድ ላይ ነው ያለው። አሁን የከተማዋ ምልክት ሆኗል። ስመ ጥሩ የሥራ አመራር ተቋማቸው እንኳ ዓርማውን የወሰደው ከዚህ መስኮት ነው። ማን ያሠራው ይመስልሃል?»

«አንዱ ሱልጣን ይሆናላ።»

«ሲዲ ሰይድ። ሐበሻ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ እንደገና አየሁት።

«ሐበሻ ስትል የእኛ ማለትህ ነው?»

«ቀስ በል» አለኝ። «ጉጃራቶች ከአፍሪካ የመጣውን ሰው ‹ሐብሺ› ወይም ‹ሲዲ› ይሉት ነበር። ከእኛ ደጋና ቆላ የተወሰደው በዚያ ስም ተጠራ፤ ከዚያ ወዲያ ደቡብ ካለው የባሕር ዳርቻ የተወሰደውም እንዲሁ። ብዙዎቹ የተሻገሩት ደግሞ በፈቃዳቸው አይደለም። በጦርነት ተማርከው፣ በምጽዋና በዘይላ በኩል ተሽጠው ነው። ልጅ እያሉ ገዝተው ወታደር ያደርጓቸዋል፤ ጎበዙ አዛዥ ይሆናል፤ አዛዡ መሬትና የራሱ ጦር ያገኛል። የጉጃራቱ ሱልጣን ማሕሙድ ሦስተኛ በ1554 ሲገደል፣ ሥልጣኑን ከተቀራመቱት መኳንንት መካከል ሐበሾቹ ነበሩበት።» ዓመቶቹን ሁሉ የሚነግረኝ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ይህን ሲለኝ ዝም አልኩ። መስጊዱን ብቻ አንስተን «የእኛ ሰው ሠራው» ብንል ኩራቱ ይጣፍጣል። ግን ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ከእናቱ ተነጥቆ ባሕር መሻገሩ አለ። ሻጩም፣ አሻጋሪውም፣ ገዢውም ሰው ነበረ። ያንን ዘለን ዛፉን ብቻ መውረስ አንችልም። ለወዳጄም ይህንኑ ነገርኩት።

«እስማማለሁ» አለ። «ግን አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልህ። ሓጂ አል ደቢር የሚባል የመካ ተወላጅ ነበረ። አህመዳባድ መጥቶ ኡሉግ ኻን ለተባለ ሐበሻ መኮንን ጸሐፊ ሆነ። በጌታው ስም ‹ኡሉግኻኒ› እስከ መባል ደርሷል። የጉጃራትን ታሪክ በአረብኛ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ምን ገባ መሰለህ? የግራኝ አሕመድ ጦርነት።»

«የእኛው?»

«የእኛው! የጉጃራት ሱልጣኖች ታሪክ ውስጥ።»

የዚህን ጊዜ ነው ነገሩ የነካኝ። ያ ጦርነት በ1543 ወይና ደጋ ላይ አበቃ ብለን ነው የተማርነው። ለካ ወሬው ባሕር ተሻግሮ፣ የሐበሻ ጌታ ቤት ደርሶ፣ ብራና ላይም ይሁን ወረቀት ላይ ሰፍሯል። የእኛን ታሪክ ስንፈልግ የምንሄደው ወደ ፖርቱጋልና ወደ ጣልያን መዛግብት ነው። ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ቡና ሲመጣ ስለ ከተማዋ ጠየቅሁት። ሳባርማቲ ወንዝ ዳር፣ አሻቫልና ካርናቫቲ የሚባሉ የቆዩ ከተሞች በነበሩበት ቦታ፣ ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 ቆረቆራት። ሰዉ ‹ፖል› በሚባሉ ሰፈሮች ይኖራል፤ የየሰፈሩ መግቢያ በር አለው፤ ቤቶቹ ተደጋግፈው የተሠሩ ናቸው፤ የወፍ መመገቢያ እንጨት መሃል ላይ ይቆማል። በ2017 ዩኔስኮ ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ አድርጎ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

«ሲዲ ሰይድ መስጊዱን ያሠራው በ1572 ገደማ ነው» አለኝ። «በዚያው ዓመት የሞጉሉ ንጉሥ አክበር ጉጃራትን ያዘ። ከኋላው ግድግዳ መሃል ያለው ቅስት ጃሊ የለውም፤ በድንጋይ ተደፍኗል። ጦሩ ስለመጣ ሳይጨርሱት ቀሩ ይላሉ የከተማዋ ሰዎች። ከሞጉሎቹ በኋላ ማራታዎቹ ገቡ፤ በ1818 ደግሞ እንግሊዞቹ። እንግሊዞቹ መስጊዱን ምን አደረጉት መሰለህ? የመንግሥት ቢሮ።»

«መስጊዱን?»

«የግብር ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ። ገበሬው እዚያ ጃሊ ሥር ቆሞ ስለ መሬቱ ይጠየቅ ነበር። በኋላ የህንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን ቢሮው እንዲወጣ አዘዘና ቅርስ ሆኖ ተጠበቀ። ለዚህስ ሊመሰገን ይገባል።»

እኔ አላመሰግንም አልኩት። ከርዘን የደረሰበት ‹ግኝት› አልነበረም። ያን ቦታ ሰው ሰግዶበታል፣ ስሙን ያውቀዋል፣ ማን እንዳሠራው ይናገራል። ቢሮውን ያስገባውና ያስወጣው አንድ አገዛዝ ነው። ያስወጣው ሰው ትክክል ሠርቷል፤ ታሪኩን ግን ከእሱ አንጀምርም። ተከራከርን። ወዳጄ ቢሮው ባይወጣ ኖሮ ዛፉ ዛሬ አይኖርም ነበር አለ። ነጥቡ ከባድ ነው። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በቅኝ ግዛቱ ዘመንም ቢሆን ከተማዋ በራሷ ሰው እጅ መሥራቷን አልተወችም። በ1861 የመጀመሪያውን የጥጥ ፋብሪካ ያቆመው ራንቾድላል ቾታላል የሚባል የአካባቢው ተወላጅ ነው። ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሶ በ1915 ሲሰፍር የመረጠው ይህችኑ ከተማ ነው፤ የሸማ ሥራ የቆየባት ስለሆነች፣ ቋንቋውም ጉጃራቲ ስለሆነ። በ1930 መጋቢት ላይ ለጨው ጉዞ የተነሣውም ከዚያው ከሳባርማቲ ዳር ነው።

«ታሪኳን የሚያውቁት በጋንዲ ነው» አለ ወዳጄ። «እኔም ስሄድ ከዚያ ሌላ አላውቅም ነበር። ያ ዛፍ ያስቆመኝ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው።»

ልጆቻችን ለትምህርት ወደ ህንድ መሄዳቸው አልቆመም። አህመዳባድ የደረሰ ቢኖር ሲዲ ሰይድን ብሎ ይጠይቅ፤ ላል ዳርዋዛ አካባቢ ነው፣ ሁሉም ያሳየዋል። ሲሄድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ዛፎቹ ያሉት በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ነው።