ፒካፑ ለመንገዱ ነው ወይስ ለሠፈር ዓይን?

የዛሬው ወሬያችን ስለ መኪና ነው። "ደሞ የፍቅርና የኑሮ ገጽ ላይ መኪና ምን ሊሠራ መጣ?" የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ከፍቅርም ከኑሮም አልወጣሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ሦስት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ስሙን እንዳላወጣ ስለለመነኝ "የብልባላው ልጅ" እያልኩ ልቀጥል። ተወልዶ ያደገው ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ብልባላ ነው። አሁን አዲስ አበባ ተቀጥሮ ይሠራል። እጮኛ አለችው፣ ለሠርግ ያጠራቀሟት ገንዘብም አለች። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ "እኔም ልጨምርልህ፣ ፒካፕ ገዝተህ አገር ቤት ሥራበት" ብሎታል። እህል፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ማመላለስ፣ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ ይምርሃነ ክርስቶስ ድረስ ማድረስ ነው ሐሳቡ።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጠቡ የተነሳው በመኪናው መጠን ነው። ወንድምዬው "የምን ትንሽ ፒካፕ! ከገዙ አይቀር ትልቁን ነው። እዚህ እኔ የምነዳውን ብታየው!" ይላል። እጮኛው ደግሞ "ትንሹ ይበቃናል፣ የተረፈው ለሠርጋችን" ባይ ናት። ልጁ መሃል ቤት ተወጥሮ "እባካችሁ አንድ በሉኝ" ብሏል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የወንድምዬውን "ትልቅ" እንመርምረው። አሜሪካኖች ትልቅ ፒካፕ የሚሏቸው እነ ፎርድ ኤፍ 150ን፣ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶንና ቶዮታ ቱንድራን ነው። መካከለኛ የሚባሉት ደግሞ እኛ በየቀኑ የምናያቸው እነ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ኢሱዙ ዲማክስና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ናቸው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ30 ገደማ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ነው። ደብል ጋቢና ኤፍ 150 ደግሞ ርዝመቱ ወደ 5 ሜትር ከ90 ይጠጋል፣ ወርዱ ስፖኪዮው ሳይቆጠር 2 ሜትር ያልፋል።

የሚገርመው ግን ወዲህ ነው። ያ ሁሉ ቁመና የሃይሉክስን እጥፍ ይጭናል ማለት አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን ዓይነቱን ፒካፕ በልማድ "ግማሽ ቶን" ይሉታል። የዛሬዎቹ ከዚያ በላይ ይችላሉ፣ ቢሆንም ብዙዎቹ እንደ ሞዴላቸው ከ700 እስከ 1000 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው የሚጭኑት። ሃይሉክስም እኮ አንድ ቶን አካባቢ የሚጭን መኪና ነው! የትልቁ ዋና ጉልበት መጎተት ላይ ነው፤ ጀልባ፣ የፈረስ ተሳቢ፣ በጎማ የሚሄድ ቤት። ላስታ ውስጥ ጀልባ የሚጎትት ሰው ካያችሁ ለኔም ንገሩኝ።

በዚያ ላይ ወንድምዬው ከአሜሪካ ጭኖ ይልከዋል የሚለውን ሕልም እርሱት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ተናግረዋል። ስለዚህ ምርጫው አገር ውስጥ ካለው ነው።

"እዚሁ የገባ የአሜሪካ ፒካፕ ቢገኝስ?" ትሉ ይሆናል። የአጎቴን ላውጋችሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ግዙፍ መኪና ገዝቶ ሠፈራችን ጉድ አለ። ልጆች እየተሰለፉ ፎቶ ተነሱበት። ስድስት ወር እንደነዳው ካምቢዮው ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ! መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። አጎቴ ዛሬም "ፒካፕ" ሲባል ወሬ ይቀይራል።

እንግዲያው እኛ አገር ትልቁ ፒካፕ የትኛው ነው? ለኔ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው፣ በብዛት ሲንግል ጋቢና ሆኖ የምናየው፣ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ዓይነት። በቁመና ከሃይሉክስ ብዙም አይበልጥም፣ በጥንካሬ ግን ወፍራም ነው። የልጁ እውነተኛ ምርጫም በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ሁለቱንም በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ብልባላን የማውቃት ለአንድ ጓደኛዬ ሠርግ ሄጄ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ሙሽሪት አገር ስንጓዝ ላንድክሩዘሩ ከፊት፣ እኛ በሃይሉክስ ከኋላ ነበርን። አንድ ጠባብ እጥፋት ላይ ስንደርስ ላንድክሩዘሩ በአንዴ መዞር አቃተው። ለካስ ለመዞር ወደ 14 ሜትር ስፋት ይፈልጋል፣ ሃይሉክስ ወደ 12 ሜትር ተኩል ይበቃዋል! ሹፌሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ሲል ጎማው ገደሉ አፋፍ ደረሰ። ሁላችንም ወረድን። አንድ ዱላ የያዙ አባት ቆመው ሲያዩ ቆይተው "አንተ ልጅ፣ መኪናህን ተወውና ገደሉን እያየህ ንዳ!" አሉት። እኛ በሃይሉክስ ቀጥ ብለን አለፍን።

በጣም እንዳትደሰቱ። ስንመለስ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሃይሉክሳችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ማን አወጣን? ያው የሳቅንበት ላንድክሩዘር! ስለዚህ አንዱን ንጉሥ፣ ሌላውን ገረድ አላደርግም። ሁሉም እንደ ሥራው ነው።

አንድ ነገር ግን የከተማ ልጆች አናስበውም፤ ከፍታውን። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን ራሱ እየጨመቀ ስለሚያስገባ ብዙም አይቸገርም። ያ ትልቅ የላንድክሩዘር ሞተር ቱርቦ የለውም። አሮጌዎቹ ሃይሉክሶችም ብዙዎቹ የላቸውም። ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ ግን ዳገቱን ሲወጣ አያፍርም። ስለዚህ ሞተር ስትጠይቁ "ስንት ሊትር ነው?" ብቻ አትበሉ፣ "ቱርቦ አለው?" በሉ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ነዳጅ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ሆኗል። መኪና ቆሞ ሲውል ብድር አብሮ አይቆምም። ባለችህ ገንዘብ ላይ ተበድረህ ትልቁን ከምትገዛ ትንሹን ገዝተህ ለጎማ፣ ለባሌስትራና ለክፉ ቀን የሚሆን ብታስቀር ይሻላል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ አትሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የብልባላው ልጅ ሦስት ገጽ ሲጽፍ ሁለት ተኩሉን ስለ ሞተር፣ ስለ ቁመናና ስለ ወንድሙ ጉራ ነው የጻፈው። መጨረሻ ላይ ግን እንደዋዛ አንዲት መስመር ጣል አድርጓል። "እናቴ ባለፈው ዓመት ስትታመም ከቤታችን እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ ነው የወረደችው፣ ከዚያም በጭነት መኪና ላይ ተጋድማ ላሊበላ ሆስፒታል ደረሰች" ይላል። እግዜር ይመስገን ተርፈዋል።

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ! አንተ የምትገዛው ፒካፕ የሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ብልባላ ላይ መኪና ያለው ሰው በሩ በሌሊት ይንኳኳል። ምጥ የያዛት ጎረቤት፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን፣ የራስህ እናት። የዚያን ሌሊት የሚያስፈልግህ ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ስፋት ሳይሆን ጋቢናው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ወንበር ነው። በሲንግል ጋቢና በሽተኛዋ ከፊት ከተቀመጠች አስታማሚዋ ከኋላ በብርድ ትመታለች። በደብል ጋቢና ግን በሽተኛዋ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ትላለች፣ አንድ ሰው ደግፎ ይይዛታል፣ ብርድም ዝናብም አያገኛቸውም።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይኸው፤ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ወይም መሰሉ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ ያለው፣ ፎር ዊል ድራይቭ። አምስት ስድስት ቶን ሲሚንቶ ሲታዘዝ የጭነት መኪና ተከራይ፤ ለዚያ ብለህ ትልቅ መኪና ዓመቱን ሙሉ አትቀልብ። ላንድክሩዘሩን ግዛ የምልህ ቋሚ የጭነት ኮንትራት ካለህና መንገድህ ሁሌ ጭቃና ወንዝ ከሆነ ብቻ ነው።

ስትገዛ ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ። ደላላው አስነስቶ ከጠበቀህ ጠርጥር። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ከሥር ገብተህ ሻንሲው የተበየደ መሆኑን እይ፣ ባሌስትራውን ቁጠር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ ዕዳና እገዳም እንደሌለበት አጣራ። የምታምነውን መካኒክ ይዘህ ሂድ፣ ለሱ የምትከፍለው ገንዘብ አይቆጭህም። ገና ሲደርስ ደግሞ ተሳላሚ ከኋላ ደራርበህ ስትጭን እንዳልሰማ! የዚያ አገር ገደል ይቅርታ አያውቅም።

የመጨረሻው ነገር የፍቅሩ ነው። ገንዘቡ ለሠርግ አብራችሁ ያጠራቀማችሁት ከሆነ እጮኛህም ገዢ ናት። መኪናውን አብራችሁ እዩ፣ ውሉ ላይም ስሟ ይግባ። ወንድምህንም "የምትጨምርልኝ ስጦታ ነው ብድር?" ብለህ ዛሬውኑ ጠይቀው። ዛሬ ማፈር ይሻላል፣ ነገ ከመጣላት። በትልቁ አልሆነም ብሎ ቢያኮርፍ ደግሞ የእናታችሁን ቃሬዛ አስታውሰው፤ እሱም ልጃቸው ነው፣ ይገባዋል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጻፉልኝ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!